ውሃ የሚዞርበት የኮምፒውተር ኬዝ በገዛ እጅ መሥራት

የመጀመሪያውን ኬዝ የሠራሁት ከውጪ ወደ ውስጥ ነበር። መልኩን ሳልኩ፣ ላሜራ ቆረጥኩ፣ ቀለም ቀባሁ። ከዚያ ራዲያተሩን ላስገባ ስል 5 ሚሊ ሜትር ጠበበኝ። አምስት ሚሊ ሜትር! በሞረድ ላሰፋው ታገልኩ። ቀለሙ ተላጠ፣ ላሜራው ተጣመመ፣ በመጨረሻ ሁሉንም ጥዬ እንደገና ጀመርኩ። ሁለተኛውን ከውስጥ ወደ ውጪ ሠራሁት። መጀመሪያ ውሃው በየት እንደሚሄድ፣ ከየት እንደሚሞላ፣ በየት እንደሚወጣ ወሰንኩ። ሳጥኑ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እዚህም የምንሄደው በዚሁ ቅደም ተከተል ነው።

አንድ ነገር ላስቀድም። ማዘርቦርድ ላይ ፕሮሰሰር አስቀምጣችሁ የማታውቁ ከሆነ፣ በቅድሚያ ተራ ኬዝ ውስጥ አንድ ኮምፒውተር ገጥሙ። ሁለት አዲስ ነገር ባንዴ መማር ይከብዳል፤ በተለይ አንዱ ውሃ ሲሆን።

ዕቃው ጠረጴዛ ላይ ሳይሟላ መጋዝ አታንሱ

አሠራሩ እንደ መኪና ራዲያተር ነው። ፓምፑ ውሃውን ይገፋል። ውሃው ፕሮሰሰሩና ግራፊክስ ካርዱ ላይ በታሰሩት የመዳብ ብሎኮች ውስጥ ሲያልፍ ሙቀት ይሸከማል። ራዲያተሩ ጋ ሲደርስ ፋኖቹ በሚነፉት አየር ሸክሙን ያራግፋል። ከዚያ ማጠራቀሚያው ውስጥ ይገባና ዙሩን እንደገና ይጀምራል። ውሃው ሙቀት አያጠፋም፤ ያጓጉዛል እንጂ። ከኬዙ የሚያስወጣው አየሩ ነው። ራዲያተሩ አየር ካላገኘ የቀረው ሁሉ ጌጥ ነው።

የራዲያተር መጠን ለመምረጥ በሥራው ያሉ ሰዎች የሚጠቀሙበት የልምድ ስሌት አለ፦ ለእያንዳንዱ 100 ዋት ገደማ አንድ ባለ 120 ሚ.ሜ ፋን። ፕሮሰሰሩ 150 ዋት፣ ግራፊክስ ካርዱ 300 ዋት የሚበላ ከሆነ ድምሩ 450 ነው። 360 የሚባለው ባለ ሦስት ፋን ራዲያተር ብቻውን ሊችለው ይችላል፤ ግን ፋኖቹ ይጮኻሉ። ባለ ሁለት ፋኑን 240 ስትጨምሩበት ጸጥ ይላል። ኬዙን በእጃችን የምንሠራው እንዲህ ያለ ቦታ ለማግኘት ስለሆነ እኔ ሁለቱን እመርጣለሁ።

ስሙን አምናችሁ ግን እንዳትቆርጡ። 240 የሚባለው ራዲያተር ርዝመቱ 240 አይደለም። ጫፎቹ ላይ ያሉት የውሃ ክፍሎች ሲጨመሩ ወደ 275 ሚ.ሜ ይደርሳል። 360ው ደግሞ ወደ 400 ይጠጋል። ቀጭን ራዲያተር ውፍረቱ 30 ሚ.ሜ፣ ፋኑ 25 ሚ.ሜ ነው፤ ሁለቱ ተደራርበው 55 ይሆናሉ። በዚያ ላይ የብሎን ጭንቅላት አለ። የኔ 5 ሚሊ ሜትር የጠፋችው እዚያ ነው፤ የብሎኑን ጭንቅላት ማን ያስባል?

ብረት ከብረት አትቀላቅሉ። ብሎኮቹ መዳብ ወይም ኒኬል የተቀባ መዳብ ከሆኑ ራዲያተሩም የመዳብና የናስ ይሁን። አልሙኒየምና መዳብ በአንድ ውሃ ውስጥ ሲገናኙ እንደ ባትሪ ይሠራሉ፤ አልሙኒየሙ ቀስ እያለ ይበሰብሳል፣ ዝቃጩም ብሎኩን ይደፍነዋል። የኬዙ ገላ አልሙኒየም ቢሆን ግን ችግር የለውም፤ የሚዞረው ውሃ አይነካውም።

የግራፊክስ ካርድ ብሎክ የሚገዛው በቺፑ ስም ሳይሆን በሰሌዳው ነው። ቺፓቸው አንድ የሆነ ሁለት ካርዶች ሰሌዳቸው ሊለያይ ይችላል። አምራቹ ያወጣውን የሚገጥሙ ካርዶች ዝርዝር ሳታዩ አትክፈሉ።

ከፓምፖች ዲ5 እና ዲዲሲ የሚባሉት ዓይነቶች በጣም የተለመዱ ናቸው። ዲ5 ተለቅ ያለና ጸጥተኛ ነው፤ ዲዲሲ ትንሽ ቦታ ይበቃዋል። ለመጀመሪያ ሥራ ከማጠራቀሚያው ጋር አንድ ላይ ተገጥሞ የሚመጣ ዲ5 ውሰዱ። ቱቦውን ከየዕቃው ጋር የሚያያይዙት ፊቲንጎች ሁሉም ማለት ይቻላል ጂ1/4 የሚባለው ጥርስ ስላላቸው ከተለያየ አምራች ብትገዙ ይገጣጠማሉ። ቱቦው ግን በሁለት ቁጥር ነው የሚለካው። 10/16 ማለት ውስጡ 10፣ ውጪው 16 ሚ.ሜ ነው። ፊቲንጉ ሁለቱንም ቁጥር ካልገጠመ ያንጠባጥባል።

የካርቶን ኬዝ

አሁን ካርቶን፣ መቀስና ፕላስተር አምጡ። ኬዙን በሙሉ መጠኑ በካርቶን ትሠሩታላችሁ። የልጅ ጨዋታ ይመስላል። ከሁሉም ደረጃ ይህን አትዝለሉ ብዬ የምለምነው ግን ለዚህ ነው፤ ካርቶን ቢበላሽ ሌላ ካርቶን አለ።

መጀመሪያ ራዲያተሮቹን አቁሙ። አንዱ ጣሪያ ላይ፣ አንዱ ፊት ለፊት ወይም በጎን ሊሆን ይችላል። ከዚያ ማጠራቀሚያውን በተቻለ መጠን ከፍ አድርጉት፤ አየር ወደ ላይ ስለሚሸሽ መጨረሻ የሚሰበሰበው እዚያ ይሁን። ፓምፑ ከማጠራቀሚያው በታች ይቀመጣል። በራሱ ውሃ ስቦ የማንሳት አቅም የለውም፤ ውሃው በክብደቱ ወርዶ ሊደርሰው ይገባል። ከሁሉም ዝቅ ባለው ቦታ ላይ የማፍሰሻ ቫልቭ አስቡ። የብዙ ሰው ኬዝ የሚጎድለው ይህ ቫልቭ ነው። የሚጎድል መሆኑም የሚታወቀው ከዓመት በኋላ፣ ኮምፒውተሩን አጋድሞ ውሃ በሳህን መቀበል ሲመጣ ነው።

የቀረው ቅደም ተከተል ብዙም አያስጨንቅ። «ውሃው ከፕሮሰሰሩ ወጥቶ ወደ ራዲያተር ሳይሄድ ወደ ግራፊክስ ካርዱ ቢገባ አይሞቅም ወይ?» የሚል ጥያቄ አይጠፋም። እናስላው። በደቂቃ 4 ሊትር የሚፈስ ውሃ 400 ዋት ሲሸከም የሚጨምረው ሙቀት 1.5 ዲግሪ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ቱቦው አጭርና ቀና የሚሆንበትን መንገድ ምረጡ። ማጠራቀሚያው ከፓምፑ በፊት ይምጣ እንጂ ሌላው እንደተመቻችሁ።

አሁን ክፍተቱን እዩ። ፊቲንግ ከነቱቦው እስኪታጠፍ ከ 50 ሚ.ሜ በላይ ቦታ ይፈልጋል። የግራፊክስ ካርዱ የኤሌክትሪክ ገመድ ወደ ጎን ይወጣል፤ እሱንም አስቡት። በመጨረሻ ካቻቢቴ ይዛችሁ እጃችሁን ካርቶኑ ውስጥ አስገቡ። እያንዳንዱን ብሎን ትደርሱበታላችሁ? ካርቶን ውስጥ ያልገባ እጅ ብረት ውስጥ አይገባም።

ላሜራ፣ መጋዝ፣ ሞረድ

ኮምፔንሳቶ ያምራል፣ ለመቁረጥም ይቀላል። ግን ውሃ ሲነካው ያብጣል፣ እንጨት ስለሆነም ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። በእንጨት ከሠራችሁ ማዘርቦርዱ በብረት ሰሌዳ ላይ ይቀመጥ፣ ሰሌዳውም ከፓወር ሰፕላዩ ገላ ጋር በብረት ይገናኝ። አክሪሊክ የሚባለው ጥርት ያለ ፕላስቲክ ለመስኮት ጥሩ ነው፤ ለሙሉ ገላ ግን ብሎን በጠበቀ ቁጥር ይሰነጠቃል። መስኮቱን መስታወት ካደረጋችሁት ደግሞ ቴምፐርድ የሚባለው መስታወት ከተጠናከረ በኋላ አይቆረጥም፣ አይበሳም። ስትነኩት ብትንትኑ ይወጣል። በልኩ ቀዳዳው ወጥቶለት ይሠራላችሁ።

እኔ የምመርጠው አጽሙን 20 በ 20 ሚ.ሜ በሆነ ኤል ቅርጽ አልሙኒየም፣ ግድግዳውን በ 2 ሚ.ሜ የአልሙኒየም ላሜራ ነው። 1 ሚ.ሜ ከፋኑ ጋር ይንቀጠቀጣል። 3 ሚ.ሜ በእጅ ለሚሠራ ሰው ጉልበት ይጨርሳል። ማጠፍ ካለባችሁ የአልሙኒየሙን ዓይነት ጠይቁ። 5052 የሚባለው በደንብ ይታጠፋል። 6061 ቲ6 ግን ጠንካራ ስለሆነ ጠርዙ ላይ ይሰነጠቃል።

ላሜራውን በወረቀት ፕላስተር ሸፍኑትና መስመሩን በዚያ ላይ አስምሩ። ፕላስተሩ ገጹን ከጭረት ያድነዋል፣ መስመሩም ቁልጭ ብሎ ይታያል። የ 120 ሚ.ሜ ፋን የብሎን ቀዳዳዎች በአራት ማዕዘን፣ እርስ በርስ 105 ሚ.ሜ ርቀው ይቀመጣሉ። ጎን ለጎን በሆኑ ሁለት ፋኖች መካከል ያሉት ቀዳዳዎች ደግሞ 15 ሚ.ሜ ይራራቃሉ። ቁጥሩን ብታውቁትም ራዲያተሩን ራሱን ወረቀት ላይ አስቀምጣችሁ ቀዳዳዎቹን ገልብጡ። አንዳንድ አምራች በፋኖቹ መካከል ያለውን ርቀት ሰፋ ያደርገዋል።

እያንዳንዱ ቀዳዳ የሚበሳበትን ነጥብ በሹል ብረትና በመዶሻ ቀለል አድርጋችሁ ምቱ። እንዲህ ካልሆነ የድሪሉ ጫፍ ይንሸራተታል። ከላሜራው ሥር እንጨት አድርጉ፣ በሞርሳ እሰሩት፣ ጠብታ ዘይት ጣሉ፣ ድሪሉን ቀስ አድርጋችሁ አሽከርክሩ። ለፋኑ ትልቅ ቀዳዳ 115 ሚ.ሜ አካባቢ የሆነ ክብ መጋዝ ይበቃል። ከሌለ ትንሽ ቀዳዳ በስታችሁ ጥርሰ ደቃቅ ምላጭ በተገጠመለት ጂግሶ (የኤሌክትሪክ የእጅ መጋዝ) ዙሩት። መነፅር ሁልጊዜ አድርጉ። ጓንት ግን ድሪል ስትይዙ አውልቁ፤ የሚሽከረከር ብረት ጓንትን ከነጣቱ ይስባል። ሞረድና የተቆረጠ ላሜራ ስትይዙ መልሳችሁ አጥልቁት።

ኤም3 (ውፍረቱ 3 ሚ.ሜ የሆነ) ብሎን ላሜራው ላይ በቀጥታ እንዲያዝ ከፈለጋችሁ በ 2.5 ሚ.ሜ በስታችሁ ጥርስ አውጡለት። ዝም ብሎ እንዲያልፍ ከሆነ 3.5 ይሁን። ያቺ ግማሽ ሚሊ ሜትር ትርፍ ስንት የመለካት ስህተት ትሸፍናለች!

አሁን ስለ ብሎን ርዝመት። ይህን ያወቅኩት ራዲያተር አቃጥዬ ነው። ፋኑን በቀጥታ ራዲያተሩ ላይ ለማሰር ርዝመቱ 30 ሚ.ሜ የሆነ ብሎን ይበቃል፤ 25ቱ በፋኑ ያልፋል፣ 5ቱ ይይዛል። በመካከል 2 ሚ.ሜ ላሜራ ካለ 32 መሆኑ ነው። እኔ እጄ ላይ የነበረው 35 ስለሆነ «ምን ይላል» ብዬ አጠበቅኩት። ከብሎኑ ቀዳዳ ጀርባ የውሃው ቀጭን መስመር አለ። ትንሽ ጠጠር አለብኝ፣ ከዚያ ላላ። መስመሩን በስቼው ነበር። ስለዚህ ብሎኑን መጀመሪያ ያለ ፋን በጣታችሁ አስገቡት፣ የት እንደሚቆም እዩ፣ ለኩት። የራዲያተሩ ጥርስም አብዛኛውን ጊዜ ኤም3 ይሁን እንጂ ኤም4 የሆነ አለ።

ጠርዙን ሁሉ በሞረድ፣ ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱ። ቱቦና ገመድ የሚያልፍበት ቀዳዳ የጎማ ጠርዝ ይደረግለት።

ማዘርቦርዱ የሚያርፍበት ሰሌዳ

እዚህ ላይ ጀግና አትሁኑ። ከአሮጌ ኬዝ ላይ ሰሌዳውን ከነኋላ ግድግዳው ቆርጣችሁ ውሰዱ። ኤቲኤክስ የሚባለው መደበኛ ማዘርቦርድ 305 በ 244 ሚ.ሜ ነው፤ እሱ ቀላል ነው። አስቸጋሪው ከኋላ ያለው ነው። የመሰኪያዎቹ መስኮት 159 በ 45 ሚ.ሜ አካባቢ ነው፣ የካርዶቹ ቀዳዳዎች በየ 20.32 ሚ.ሜ ይደረደራሉ፣ ሁሉም ከሰሌዳው ከፍታ ጋር መናበብ አለበት። በእጅ ሞክሬው ነበር። ካርዱ ገባ፤ ገመዱ ግን አልሰካ አለ። አሮጌ ኬዝ በየቦታው ተጥሎ እያለ ምን ያደክማል?

ቀለም ስትቀቡ ፓወር ሰፕላዩ የሚታሰርበትንና ግድግዳዎቹ የሚገናኙበትን ቦታ ሸፍኑት። ቀለም ኤሌክትሪክ ይከለክላል። የብረት ኬዝ ሁሉም ክፍል በፓወር ሰፕላዩ በኩል ከመሬት መስመር ጋር መገናኘት አለበት። የፓወር ሰፕላዩን ገላ ራሱን ግን በፍጹም አትክፈቱ፤ ከተነቀለ በኋላም ውስጡ አደገኛ ኤሌክትሪክ ይዞ ይቆያል።

ከቀለሙ በኋላ የብረት ብናኙን በቫኪዩም፣ ቀጥሎ በእርጥብ ጨርቅ አጽዱ። ማግኔት አልሙኒየም አያነሳም። ደቂቅ የሆነች ፍቅፋቂ ማዘርቦርድ ላይ ብታርፍ ውሃ ሳይገባ ሥራው ያበቃል።

ራዲያተሩን ማጠብ

አዲስ ራዲያተር ንጹሕ ይመስላል። ውስጡ ግን የብየዳ ቅሪት አለ። ሞቅ ባለ ዲስቲልድ (በእንፋሎት የተጣራ) ውሃ ግማሽ ድረስ ሙሉት፣ ቀዳዳውን ዝጉና ደህና አድርጋችሁ ናጡት፣ ድፉት። ውሃው ጥርት ብሎ እስኪወጣ ደጋግሙ። የመጀመሪያውን ውሃ በነጭ ሳህን ተቀበሉት። ስታዩት ለምን እንደተለፋ ይገባችኋል።

ስለ ውሃው ራሱ። ውሃ ቀጠነ የምል ከመሰላችሁ ይቅርታ፤ ግን የቧንቧ ውሃ አይሆንም። ውስጡ ያለው ማዕድን ብሎኩ ውስጥ ባሉት እጅግ ቀጫጭን መስመሮች ላይ ይጋገራል። ዲስቲልድ ውሃ ላይ አልጌ የሚከላከልና ዝገት የሚከላከል መድኃኒት በታዘዘው ልክ ጨምሩ፣ ወይም የተዘጋጀውን ፈሳሽ ግዙ። ለመኪና ባትሪ ከሚሸጠው የምትወስዱ ከሆነ ውሃ እንጂ አሲድ አለመሆኑን ከመለያው አረጋግጡ። እንደ ወተት ነጭ ወይም እንደ ብልጭልጭ ያሉት ፈሳሾች ለፎቶ ናቸው፤ ውለው አድረው ይዘቅጣሉ። ሌላው ጥንቃቄ፣ አክሪሊክ የሆነ ማጠራቀሚያን በአልኮል አትጥረጉ። ይሰነጣጠቃል። ለስላሳ ሳሙናና ውሃ ይበቃዋል።

ቱቦ መዘርጋት

ለመጀመሪያ ጊዜ ለስላሳ ቱቦ ይሁን። ጠንካራው ያምራል፣ አልክድም። ግን በሞቃት አየር ማጠፍ፣ በልኩ መቁረጥ፣ ተሳስቶ መጣል የራሱ ሙያ ነው። ከገባችሁበት ውስጡ የሲሊኮን ገመድ ከታችሁ እያሽከረከራችሁ አሙቁት፤ ጫፉንም በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱት። ስለታም ጫፍ ፊቲንጉ ውስጥ ያለችውን ኦሪንግ የምትባል የጎማ ቀለበት ይቆርጣታል፣ ውሃውም በዚያ ይወጣል።

ለስላሳውን በሹል ምላጭ ቀጥ አድርጋችሁ ቁረጡ። ከሚያስፈልገው 10 ሚ.ሜ ያህል አስረዝሙ፤ የረዘመ ይቆረጣል፣ ያጠረ ግን አይቀጠልም። መጀመሪያ የፊቲንጉን ቀለበት ቱቦው ላይ አጥልቁ። ይህን ረስቶ ቱቦውን ያልነቀለ የለም። ከዚያ ቱቦውን እስከ ሥሩ ግፉትና ቀለበቱን አጥብቁ። ጫፉ እምቢ ካለ ለአፍታ ሙቅ ውሃ ውስጥ ንከሩት። ፊቲንጉን ብሎኩ ላይ በእጅ አጥብቁ፤ ቁልፍ አያስፈልግም። የቧንቧ ሠራተኛ የሚጠቀመውን ነጭ ክርም አትጠምጥሙ። ውሃውን የሚይዘው ጥርሱ አይደለም፤ ኦሪንጓ ናት። ከልክ በላይ ሲጠብቅ አክሪሊኩ ይሰነጠቃል።

ያንጠባጥባል ወይስ አያንጠባጥብም?

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። ውሃ ግን አፍስሰው የሚለቅሙት ነገር አይደለም። ስለዚህ መጀመሪያ በአየር ፈትሹ። መለኪያ ያለው ትንሽ የእጅ ፓምፕ አንዱ ቀዳዳ ላይ ግጠሙና እስከ 0.5 ባር ድረስ ንፉ። ከዚያ አትለፉ። ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። ቀስቱ ካልወረደ ጥሩ ነው። ከወረደ እያንዳንዱን ፊቲንግ በየተራ ፈልጉ፤ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋተኛው በእጅ ማጥበቅ የተረሳ አንድ ፊቲንግ ነው።

ቀጥሎ ውሃ። በየፊቲንጉ ሥር ሶፍት አንጥፉ። ከፓምፑ በስተቀር ሁሉም ነገር ከኤሌክትሪክ ይነቀል፤ የማዘርቦርዱም፣ የግራፊክስ ካርዱም ገመድ። ፓወር ሰፕላዩ ያለ ማዘርቦርድ እንዲነሳ ባለ 24 እግሩ ገመድ ላይ የሚሰካ ማስነሻ መሰኪያ ለዚሁ ተብሎ ይሸጣል። በሽቦ ከማገናኘት እሱን ግዙ።

ማጠራቀሚያውን ሙሉ፣ ፓምፑን ለጥቂት ሰከንድ አስነሱ፣ ውሃው ሲወርድ አጥፉ፣ እንደገና ሙሉ። እንዲህ እየተመላለሳችሁ ውሃው መዞር እስኪጀምር ድረስ። ፓምፑ በደረቁ አይሩጥ። የሚያለሰልሰውም የሚያቀዘቅዘውም ያው ውሃው ስለሆነ ያለሱ ቶሎ ይቃጠላል። ውሃው ሲዞር ኬዙን ቀስ ብላችሁ ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ፣ ወደ ጎን አዘንብሉት። ራዲያተሩ ውስጥ የታፈነው አየር እየተንቦጨቦጨ ይወጣል።

እንዲህ 24 ሰዓት ይቆይ። አውቃለሁ፣ ኮምፒውተሩን አስነስቶ ማየት ያጓጓል። እኔ አንዴ ከሦስት ሰዓት በኋላ «በቃ ደህና ነው» ብዬ ላገናኝ ስል ስልክ ተደወለልኝ። ስመለስ አንዱ ሶፍት ረጥቧል።

ሶፍቱ ሁሉ ደረቅ ከሆነ ገመዶቹን መልሱና አስነሱ። መጀመሪያ የፓምፑን ፍጥነት ተመልከቱ፤ ገመዱ ማዘርቦርዱ ላይ ከተሰካ የዙሩ ቁጥር ይታያል። ከዚያ ማሽኑን ለአንድ ሰዓት ከባድ ሥራ ስጡትና የውሃውን ሙቀት ለኩ። ለዚህ ፊቲንግ ላይ የሚገጠም ትንሽ መለኪያ አለ። የውሃው ሙቀት ከክፍሉ አየር ከ 10 እስከ 15 ዲግሪ ቢበልጥ ሥራችሁ ሰምሯል። ወደ 60 ዲግሪ ከተጠጋ ወዲያው አጥፉ። የብዙ ፓምፖች ወሰን እሱ ነው፣ ቱቦውም መለስለስ ይጀምራል። የፋኖቹንም ፍጥነት ከተቻለ በፕሮሰሰሩ ሳይሆን በውሃው ሙቀት እዘዙ። የፕሮሰሰር ሙቀት በየሰከንዱ ስለሚዘል ፋኖቹ አብረው ይጮኻሉ። ውሃ ግን ቀስ ብሎ ይሞቃል፣ ቀስ ብሎ ይበርዳል።

በመጀመሪያው ሳምንት ማጠራቀሚያው ውስጥ ያለው ውሃ ትንሽ ይወርዳል። አትደንግጡ፤ የቀሩት አረፋዎች እየወጡ ነው። ማጠራቀሚያው ላይ የወረቀት ፕላስተር ለጥፉና የውሃውን ከፍታ ከነቀኑ ምልክት አድርጉበት። በወር ውስጥ ምልክቱ ላይ ከረጋ እዚያው ተዉት። መውረዱን ካላቆመ የሆነ ቦታ እየወጣ ነው፤ የእጅ ፓምፑን መልሳችሁ አምጡ። ውሃውን በዓመት አንዴ ቀይሩ፤ ሥራው ከታች ያለውን ቫልቭ መክፈት ብቻ ነው።